ምዕራፍ ሰባት፦ ደላላው የማን ነው?

በአርማጭሆዋ ሳንጃ ገንዘብ ወቅት አለው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ደርቆ ተራግፎ፣ ጆንያው ተሰፍቶ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ፣ ዓመቱን በብድር የገፋ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እጁ ብር ያያል። ያ ብር ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል። ከብት ቢገዛበት ቆላ ነው፣ በሽታ አለ፤ ባንክ ቢያስቀምጠው የኑሮ ውድነት እየበላው ያድራል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው «ቤት ልግዛበት» ቢል አይፈረድበትም። (በዚህ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

እንበል ይህ ሰው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። አርማጭሆ ተወልዶ ያደገ፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚያውቅ፣ ቤት ግን ገዝቶ የማያውቅ። ሳንጃ ላይ ሁለት ሦስት ክፍል ይዞ ለመንግሥት ሠራተኛ ሊያከራይ፣ ወይም ጎንደር ገብቶ አዘዞ በኩል አለዚያም ማራኪ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤት ሊገዛ ያስባል። ሐሳቡን ሻይ ቤት ተቀምጦ ለአንድ ወዳጁ ተናገረ። በማግስቱ የማያውቀው ሰው ደወለለት።

«ወንድሜ፣ ቤት ትፈልጋለህ አሉኝ። ልክ ላንተ የተሠራ የሚመስል አለኝ። ግን ዛሬ ካላየኸው ነገ የለም።»

ደላላው መጣ ማለት ነው። ይህ ሰው ስልኩን ይዝጋው ወይስ ተነሥቶ ይሂድ? ከሚመክሩት ዘመዶቹ ግማሾቹ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ደላላ የሚባል ደጃፉን እንዳይረግጥ ያስጠነቅቁታል። ግማሾቹ ደግሞ ያለ ደላላ ቤት መፈለግ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው ይሉታል። እኔ ይሂድ ባይ ነኝ። ሆኖም ከመሄዱ በፊት ደላላው የሚያውቀውንና ደላላው ሊያረጋግጥለት የማይችለውን ለይቶ ይወቅ። አዲስ ገዢዎች ገንዘባቸውን ሲያጡ ያየሁት እነዚህን ሁለቱን ሲያምታቱ ነው።

ደላላው የሚያውቀው ብዙ ነው። በአገራችን ቤት በስንት እንደተሸጠ ማንም ሰው ገልጦ የሚያየው መዝገብ የለም። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋም ቀረጥ ፈርተው ዝቅ የሚያደርጉት ስላሉ ሁልጊዜ እውነተኛው ዋጋ አይደለም። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰፈር ቤት በእርግጥ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ባለፈው ወር ሦስት ቤት ያሻሻጠ ሰው ነው። ማን ልጁን ውጭ አገር ሊልክ ቤቱን በስውር እንደሚሸጥ፣ ማን ከወንድሞቹ ጋር ተጣልቶ ድርሻውን ለመለየት እንደቸኮለ፣ የትኛው ሻጭ የጠራውን ዋጋ እንደማይቀንስ የሚያውቀውም እሱ ነው። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ አንዱ ያንዱን ዋጋ ሲያጣጥል ቂም ይተርፋል። መካከል ያለው ሰው ግን እየሄደ እየመጣ፣ የዚህን ቁጣ ለዚያ አለስልሶ፣ ዋጋውን ያቀራርባል። ይህ ሥራ ነው፤ የሚገባውም ክፍያ አለው። ደላላን ሁሉ ሌባ ብሎ የሚጠራ ሰው ይህን ድካም አላየም።

በሳንጃ ዓይነት ከተማ ደግሞ የቤት ደላላ የሚባል ራሱን የቻለ ሙያተኛ እምብዛም አታገኙም። ያው አንድ ሰው በክረምት አራሚ ያገናኛል፣ በመኸር አጫጅና መኪና ያፈላልጋል፣ በበጋ ከብትም ቤትም ያሻሽጣል። ይህ ጥሩም መጥፎም አለው። ጥሩው ከተማው ትንሽ ስለሆነ ስሙን ይፈራል። መጥፎው ስለ ቤት ሰነድ የሚያውቀው ከገዢው ብዙ ላይበልጥ ይችላል።

ስም መፍራት ስል የምናገረው ስለ ትልቅ ነገር ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ሥራ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት የእህል ገበያችንን አጥንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናታቸው ስለ ደላላ የምናስበውን የሚያቃና ነው። የክፍለ አገር ነጋዴ እህሉን አዲስ አበባ ሲልክ አብሮት አይሄድም፤ ገዢ የሚፈልግለት፣ ጥራቱን የሚያየው፣ ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ደላላው ነው። መንግሥት የጥራት ደረጃ ባላወጣበት፣ ፍርድ ቤትም ሩቅ በሆነበት ገበያ ነጋዴው ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው አሳልፎ ይሰጣል። ሰውየው ለምን አይሰርቀውም? ነገም ከነገ ወዲያም እህል ይላክለታልና። ነጋዴና ደላላ ለዓመታት አብረው ይሠራሉ። ዛሬ የሚሰርቃት አንዲት ኩንታል የነገውን መቶ ኩንታል ታስቀርበታለች።

አሁን ወደዚያ ጎልማሳ እንመለስ። እሱ ቤት የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ከደላላው ጋር ነገ የሚያገናኘው ነገር የለም። ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ ነባር ነው፤ ቤት አፍርሶ እየሠራ የሚሸጥ ከሆነማ የደላላው ቋሚ ደንበኛ ነው። ደላላው ልቡ ወዴት እንደሚያደላ ለመገመት ክፉ ሰው ነው ማለት አያስፈልግም። የእህል ደላላን ታማኝ ያደረገው ነገር በቤት ገበያ ላይ ከሻጩ ጋር ቆሟል፤ አዲሱ ገዢ ብቻውን ነው።

ሒሳቡም እንዲሁ ይላል። በብዙ ከተሞቻችን የተለመደው የቤት ድለላ ክፍያ ከገዢም ከሻጭም 2 በመቶ ነው። ቤቱ 4,000,000 ብር ተጠርቷል እንበል። ደላላው ተከራክሮ 200,000 ብር ቢያስቀንስልዎ እርስዎ 200,000 ብር ያተርፋሉ፤ እሱ ከእርስዎ በኩል 4,000 ብር፣ ከሻጩም 4,000 ብር ያጣል። ለዚህ ኪሳራ ሲል ሦስት ሳምንት ይመላለስ? ዛሬ በ4,000,000 ቢያልቅለት ይሻለዋል። «ሌላ ገዢ ቀብድ ሊያስይዝ ነው» የሚለው ስልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን እርስዎ ራስዎ ለሌላው ገዢ «ሌላ ገዢ» ሆነው ተጠርተዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። ሻጩ «እኔ 3,500,000 ብር ካገኘሁ ይበቃኛል፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ» ብሎ ይለቀዋል። በዚህ ጊዜ ደላላው አገናኝ መሆኑ ቀርቶ በሰው ቤት የሚነግድ ነጋዴ ሆኗል። እርስዎ የሚከፍሉት እያንዳንዱ ተጨማሪ ብር የእሱ ነው፤ በዚያ ላይ 2 በመቶ ይጠይቅዎታል። መድኃኒቱ ከሻጩ ጋር፣ ደላላው ባለበት፣ ዋጋውን ፊት ለፊት መነጋገር ነው። ደላላው ከሻጩ ጋር እንዳይገናኙ አጥብቆ ከከለከለ፣ ምክንያቱ ምንም ያህል የሚያሳምን ቢመስል፣ መካከል ላይ የተቀመጠ ነገር አለ።

አሜሪካ የኖረ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ «እዚያ እንዲህ አይደለም» ይላል። እዚያ የቤት ወኪል ከየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያወጣል፤ ገዢውም የራሱ ወኪል ይኖረዋል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የገዢው ወኪል ክፍያ ለብዙ ዘመን የሚመጣው ሻጩ ከሚከፍለው 5 ወይም 6 በመቶ ተካፍሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ሚዙሪ ውስጥ የተቀመጡ የጁሪ አባላት ይህ አሠራር ሻጮችን ጎድቷል ብለው ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ፈረዱ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የአገሪቱ የቤት ወኪሎች ማኅበር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ አንድ ገዢ ከወኪል ጋር ቤት ከማየቱ በፊት ክፍያው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ውል በጽሑፍ መፈረም አለበት። መቶ ዓመት ያስቆጠረ ሙያ ባለበት አገር እንኳ «ወኪሉ የማን ነው? ማን ይከፍለዋል?» የሚለው ጥያቄ ገና ትናንት ፍርድ ቤት ቆሟል። ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት ክፍያን ከጉብኝት በፊት፣ በጽሑፍ መነጋገር ነው።

የእኛ ሕግ ደግሞ ደላላ የማንም ወኪል አይደለም ይላል። በ1952 የወጣው፣ በ2013 በአዲስ የተተካው የንግድ ሕግ ደላላን የገለጸው ራሱን ችሎ፣ ለጥቅም፣ ውል ሊዋዋሉ የሚፈልጉ ሰዎችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ነው። «ራሱን ችሎ» የሚለው ቃል ላይ ልብ ይበሉ። እርስዎ ደላላውን «የእኔ ደላላ» ቢሉት፣ «አባቴ፣ ወንድሜ» ቢባባሉ፣ ቡና ቢጋበዙ፣ በሕግ ፊት ስለ እርስዎ ሆኖ የመቆም ግዴታ አይኖርበትም። ተግባሩ ማገናኘት ነው። ካገናኘ በኋላ ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ አውቆ ማታለሉ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ እሱን ተጠያቂ ማድረግ ከባድ ነው።

ታዲያ ስለ ቤቱ ማን ይመስክር?

ለዚህ ጥያቄ ጎንደር የቆየ መልስ አላት። አጼ ፋሲል በ1628 ከተማዋን ከቆረቆሩ መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመንና ከዚያ ወዲህ፣ ቤትና መሬት በከተማዋ በሰፊው ይሸጥ ይለወጥ ነበር። የሽያጩ መዝገብ የነበረው የአድባራቱ ብራና ነው። ቁስቋምን በመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት ወቄት ወርቅ እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። ከነዚህ መጻሕፍት የተወሰኑት አጼ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ካጓጓዟቸው በኋላ በእንግሊዞች ተወስደው ዛሬ ለንደን ናቸው። ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እነዚህን ማስታወሻዎች ለረጅም ዘመን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ ባሳተመው መጽሐፍ ተንትኗቸዋል። በእነዚህ ጽሑፎች ትልቁን ቦታ የሚይዙት እማኞች ናቸው። ስማቸው ተራ በተራ ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ ሹሙም፣ ካህኑም፣ ጎረቤቱም። ነገ ክርክር ቢነሣ ተጠርተው የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

ያ ባህል ሰፈር ውስጥ ዛሬም አልጠፋም። ሕግ ግን በላዩ ላይ ብዙ ነገር ጨምሯል፤ አዲስ ገዢ የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት መሬቱ አይሸጥም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው። ይህን ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ ሲገዛ ግን ይረሳዋል። የሚያስረሳው ደግሞ «የገበሬ ቦታ» የሚባለው ነው። ከከተማው ዳር፣ ከእርሻ ማሳ ተቆርሶ፣ በመንደር ውል፣ በሦስት ሽማግሌ ፊርማ የሚሸጥ 200 ካሬ። ርካሽ ነው፤ ደላላው «ሁሉም እንዲህ ነው የገዛው፣ በኋላ ካርታ ይሠራለታል» ይላል። የገጠር ማሳ በሕግ ሽያጭ የለውም። ከተማው ሰፍቶ ቦታው ለልማት ሲፈለግ ካሣ የሚከፈለው በመዝገብ ላይ ላለው ገበሬ ነው፤ ገዢው የጨረቃ ቤት ሠራህ ተብሎ ይፈርስበታል። በሰሊጥ ገንዘብ መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ዓይነቱ ቦታ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያን ገንዘብ ያመጣው ክረምቱን ሙሉ በወባና በሙቀት የተከፈለ ድካም ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ሕጋዊ ካርታ ባለው ቤት ላይ የሚመጣ ነው። ካርታ ሁለት ዓይነት ይዞታ ይገልጻል፦ ነባርና ሊዝ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት መሬቱን በሊዝ እንደሚይዝ ይደነግጋል። የሊዝ ይዞታ ከሆነም ሻጩ ያልከፈለው ቀሪ የሊዝ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ባዶ ቦታ ወይም ግንባታው ከግማሽ ያልደረሰ ከሆነ ደግሞ አዋጁ እንደ ተራ ሽያጭ አያስተላልፈውም፤ ሻጩ ከዝውውሩ የሚያገኘው ጥቅም በሕግ የተወሰነ ነው። ደላላው «መሠረት ወጥቶለታል፣ ችግር የለውም» ሲል ይህን አይነግርዎትም። ላያውቀውም ይችላል። የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ ሻጩን ይዞ፣ ማኅደሩን አስወጥቶ ማየት የግድ ነው፤ የካርታው ቁጥር፣ ስሙ፣ ስፋቱ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ። የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ያለበት ቤት ካርታው ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ እገዳው የሚገኘው ማኅደሩ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሰው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሰፈር ጉልበት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ሚስትን አያስወጣትም። ሻጩ «አላገባሁም» ካለ ማስረጃ ያምጣ። ቤቱ የአባት ከሆነ ወራሾቹ ስንት ናቸው? አንዱ ሱዳን፣ አንዱ እስራኤል፣ አንዷ ሁመራ አለች። የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ ያሉት ሁሉ መፈረም አለባቸው። ውክልና ይዞ የመጣ ሰው ከሆነ ውክልናው ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተሰጠ መሆን አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ልዩ ውክልና ይፈልጋል፣ ወካዩ ከሞተም ውክልናው ይቀራል። ከሦስት ዓመት በፊት የተሰጠ ውክልና ይዞ የቆመ ሰው ፊት ወካዩን በስልክ ሳያነጋግሩ አንድ ብር እንዳይከፍሉ።

ይህን ሁሉ በወረቀት ብቻ አታገኙትም። አዋሳኞቹን ጠይቁ። በቤቱ ግራ የሚኖሩት እናት ካርታው ላይ ያልተጻፈውን ያውቃሉ፦ አጥሩ በየትኛው ዓመት ወደ ውስጥ እንደገፋ፣ ሟቹ ከሌላ ቦታ ልጅ እንደነበራቸው፣ ቤቱ ባለፈው ዓመት ለሌላ ሰው ተሸጦ ቀብድ እንደተበላ። ከእኔ አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ቤት ሲታይ ደላላውን አመስግኜ አሰናብታለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን እመለሳለሁ። እንዲህ ባለ ጠዋት የቤቱ አዋሳኝ የሆኑ አዛውንት በር ላይ ተቀምጠው አገኘሁ።

«አያ፣ ደህና አደሩ? ይህን ቤት ልገዛ አስቤ አንቱን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይመስገን። ግዛው፤ ግን ጉድጓዱ የኔ ነው።»

የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ከአጥሩ ወዲያ፣ በእሳቸው ግቢ ውስጥ ነበር። ከማንም ደላላ ልሰማው የማልችለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። በእሳቸው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ቤት መግዛት አልፈለግሁምና ተውኩት።

ቀብድ ደግሞ የብቻው ነገር ነው። ማታ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ «እንዳያመልጥህ» እየተባለ የሚከፈለው 50,000 ወይም 100,000 ብር በሕግ ትርጉም አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያሳያል ይላል፤ ቀብድ የሰጠው ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሰነድ ከመታየቱ በፊት የተሰጠ ቀብድ እርስዎን ያስራል። ሻጩን የሚያስረው ግን ተከስሶ፣ ተፈርዶበት፣ ገንዘብ ከተገኘበት ነው። ቀብድ የሚሰጥ ካለ ማኅደር ከታየ በኋላ ይሁን፤ ወረቀቱም «ዕዳና እገዳ ከተገኘ ወይም አንዱ ወራሽ ካልፈረመ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል ይኑረው።

የመጨረሻው ውልም በጽሑፍ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም ወስዶ እንዲህ ያልተረጋገጠን የቤት ሽያጭ ውል ዋጋ አሳጥቶታል፤ በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች ተዋዋዮቹ ባልተካካዱባቸው ጉዳዮች ላይ ለዘብ ቢሉም፣ ማንም ገዢ ገንዘቡን በዚያ ልዩነት ላይ መጣል የለበትም። ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍም እንዲሁ። ቀረጥ ለማዳን 4,000,000 የተገዛ ቤት 1,000,000 ተብሎ ሲጻፍ፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ከፈልኩ ብሎ በወረቀት የሚያሳየው 1,000,000 ብቻ ነው። ይህን ምክር የሚሰጠው ደላላ ከሆነ ኪሳራው እሱን አይነካውም።

አሁን ስለ ክፍያው። እኔ የምመክረው አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ፣ ቤት ከመታየቱ በፊት፣ ስንት በመቶ እንደሚከፈል፣ ለማን እንደሚከፈል በአንድ ገጽ ይጻፍ። ደላላ በደላላ ሲቀባበል አምስት ሰው ደርሶ «እኔም አለሁበት» ሲል በር ላይ ግርግር የሚነሣው ይህ ስለማይደረግ ነው። ክፍያው ለሁለት ይከፈል፦ ግማሹ ውሉ ሲረጋገጥ፣ ግማሹ ስም ዝውውሩ አልቆ ካርታው በገዢው ስም ሲወጣ። ከዚያም ልቡን ወደ እርስዎ የሚስብ ነገር ይጨመር፤ ከተጠራው ዋጋ ለሚያስቀንሰው ገንዘብ 10 በመቶ ይሰጠው። ቀደም ባለው ምሳሌ 200,000 ብር ካስቀነሰ ከመደበኛ ክፍያው ሌላ 20,000 ብር ያገኛል፤ እርስዎም 180,000 ይቀርልዎታል። ጥሩ ደላላ በዚህ ደስ ይለዋል።

ስለ ኪራይ ገቢ የሚነግርዎትን ግን ራስዎ ይፈትሹት። ሳንጃ ጥቅምት ላይ ከታየች ሰው የሚያድርበት ያጣ ከተማ ትመስላለች፤ ለአጨዳ የመጣው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ ሁሉ ክፍል ይፈልጋል። ያን ኪራይ በአሥራ ሁለት ወር ያባዛ ሰው ግንቦት ላይ ባዶ ክፍል ይዞ ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚከፍሉት መምህራኑ፣ የሆስፒታሉና የወረዳው ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱን ምን ያህል እንደሚከፍሉ ጠይቁ። ቤቱን ሲያዩም የቆላ ቤት መሆኑን አስቡ። ግድግዳው የጭቃና የእንጨት ከሆነ የምሰሶውን ሥር በቢላ ወጋ አድርጉ፤ ምስጥ የጨረሰው እንጨት ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ዱቄት ነው። አዲስ የተቀባ ቤት ደግሞ የበለጠ ይወጋ። ውኃው በበጋ በስንት ቀን እንደሚመጣ ከተከራዩ እንጂ ከአከራዩ አይሰማም።

ውጭ አገር ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ ሰው ቤት እንዲኖረው ይፈቅዳል። መብቱ አለ። ነገር ግን ዴንቨር ሆኖ በስልክ በተላከ ፎቶ ጎንደር ቤት የሚገዛ ሰው አዋሳኙን በጠዋት ሄዶ ሊጠይቅ አይችልም፤ ያን ሊያደርግለት የሚችል፣ ከደላላው የማይከፈለው፣ አንድ ዘመድ ወይም ጠበቃ ከሌለው ይቆይ። ወኪል ያደረጉት ዘመድ ከደላላው ድርሻ እንደማይወስድ በግልጽ መነጋገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም ተነጋገሩ።

ሳንጃን በሚያውቃት ሰው ዓይን ካየነው፣ ተወልዶ ባደገበት ከተማ ለሚገዛው ደላላ ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል። ለአሥር ሰው ቢናገር ሻጩ ራሱ ይመጣል። ጎንደር ሲሄድ ግን ባዳ ነው፤ ዋጋውን አያውቅም፣ ሰፈሩን አያውቅም፤ እዚያ ለደላላ የሚከፍለው 2 በመቶ ለዓይንና ለእግር የሚከፈል ደመወዝ ነው፣ ውድም አይደለም።

ያ ጎልማሳ በመጨረሻ ቤቱን አየ፣ አዋሳኞቹን ጠየቀ፣ ማኅደሩን አስወጣ፣ ዋጋውንም ከሻጩ ጋር ጨረሰ እንበል። ውሉ ላይ የእማኞች መስመር አለ። እዚያ ላይ ደላላው በሙሉ ስሙ እንዲፈርም ይጠይቀው። ሲፈርም ይህን ቤት ይህ ሰው ለዚህ ሰው በዚህ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ ማለቱ ነው፤ ነገ ቢጠራ ይቆማል። አንዳንዱ ደላላ ብዕሩን ተቀብሎ ወዲያው ይፈርማል። አንዳንዱ ደግሞ «እኔ እኮ አገናኝ ብቻ ነኝ» ብሎ ወደ በሩ ያያል። እንዲህ ያለ መልስ ያገኘ ገዢ ገንዘቡን ቆጥሮ ከመስጠቱ በፊት ማኅደሩን ሁለተኛ ጊዜ ያስወጣ።